የቆየ ሃይኤስ ኤሲ መድከም

ጥያቄ፦ ከጎንደር መተማ የምመላለስበት የቆየ ቶዮታ ሃይኤስ አለኝ። ጎንደር ላይ ኤሲው ይበቃል፤ ወደ ቆላው ወርጄ ኬላ ላይ ስቆም ግን ለብ ያለ አየር ብቻ ይነፍሳል፤ መኪናው ሲንቀሳቀስ ደግሞ ቅዝቃዜው መለስ ይላል። አምና የኤሲውን ጋዝ አስሞልቼ ነበር፤ አሁንም ሙላ ተብያለሁ። ልሙላ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አይቸኩሉ። ሲቆም ሞቆ ሲሄድ የሚቀዘቅዝ ከሆነ እኔ የምጠረጥረው ኮንደንሰሩን (የጋዙን ሙቀት ወደ ውጭ የሚያስወጣውን ራዲያተር መሰል ክፍል) እና አየር የሚያሳልፍበትን ፋን ነው፤ የኮንደንሰሩ ስስ ክንፎች በአቧራና በነፍሳት ሲደፈኑ ጋዙ ሙቀቱን አውጥቶ ወደ ፈሳሽነት መለወጥ ያቅተዋልና። በቀስታ በሚፈስ ውኃ ይጠቡት፤ የመኪና ማጠቢያው ግፊት ክንፎቹን ያጣጥፋቸዋል።

ሌላ መልስ፦ እስማማለሁ። ጋዝ እንደ ነዳጅ ተቃጥሎ አያልቅም፤ ከቀነሰ የሚያፈስ ቦታ አለ ማለት ነው። በቱቦዎቹ መጋጠሚያ ላይ አቧራ የያዘ ቅባት ካዩ እዚያው ነው። ትርፍ ጋዝም ራሱ ቅዝቃዜን ስለሚቀንስ፣ የከፍተኛውንም የዝቅተኛውንም መስመር ግፊት በጌጅ (በግፊት መለኪያ) ሳይለካ የሚሞላ ሰው ጋር አይሂዱ።

ጠያቂው፦ አመሰግናለሁ። ዛሬ አዘዞ ቆሜ ኤሲውን ከፍቼ ሳየው ፋኑ ጭራሽ አይዞርም። ፊውዙ ደህና ነው፤ የፋኑ ሶኬት ግን ጠቁሮ ቀልጧል።