ስብሰባ ላይ አፌን የሚይዘኝ ምንድነው? አስተዳደጌ ወይስ እኔው ራሴ?

የፋርጣው ልጅ (ጠያቂ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ። ደቡብ ጎንደር ገጠር ነው ያደግሁት፣ ከቤታችን ዩኒቨርሲቲ የገባሁት የመጀመሪያው እኔ ነኝ። አካውንቲንግ ተምሬ የመውጫ ፈተናውንም ያለ ችግር አለፍኩ። አሁን አዲስ አበባ አንድ የግል ድርጅት ሂሳብ ክፍል እሰራለሁ። ስራው አይከብደኝም። የሚከብደኝ የሰኞ ጠዋት ስብሰባ ነው።

በቅርቡ የባንክ ሂሳብ ሳስታርቅ ለአንድ አቅራቢ ያው ደረሰኝ ሁለቴ እንደተከፈለ አገኘሁ። በሁለተኛው ላይ ከቁጥሩ ፊት አንድ ዜሮ ተጨምሯል፣ ለዚያ ነው ሲስተሙ ያልያዘው። አጠገቤ ለሚቀመጠው ልጅ አሳየሁት። ሰኞ አለቃችን "አዲስ ነገር አለ?" ሲሉ እኔ ቃላት ስመርጥ እሱ በሚያምር እንግሊዝኛ ዘረገፈው። ክፋት የለውም፣ ጥሩ ልጅ ነው፣ እንዲያውም "አገኘን" ነው ያለው። ግን ምስጋናው ለማን እንደሄደ መገመት ትችላላችሁ። ከዚያ ምዘና መጣ፣ የኔ ላይ "ተነሳሽነት ይጎድለዋል" ተብሎ ተጻፈ።

እኛ ቤት ትልቅ ሰው ሲያወራ ልጅ ጣልቃ አይገባም። እንግዳ ሲመጣ አስታጥቤ ጥግ እቆማለሁ፣ ካልተጠየቅሁ አልናገርም። ጨዋ ልጅ የተባልኩት በዚህ ነው። አሁን ይሄ ጨዋነት እድገቴን እየበላብኝ ነው ወይስ ሰበብ እየፈለግሁ ነው? እውነቱን ንገሩኝ።

ጠመኔ፦

ሰበብ አይደለም ወንድሜ። ገጠር ሁለተኛ ደረጃ ነው የማስተምረው፣ አንተን የመሰለ ልጅ በየዓመቱ ፊቴ ይቀመጣል። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው ይላል ወረቀቱ። ክፍል ውስጥ የሚሆነው ሌላ ነው። ሰሌዳ ላይ በእንግሊዝኛ እጽፋለሁ፣ የማስረዳው ግን በአማርኛ ነው፣ አለዚያ ማን ይገባዋል? ተማሪው ይገለብጣል። ፈተናውም ምርጫ ነው፣ ማጥቆር ብቻ። ስለዚህ ጎበዙ ልጅ አስራ ሁለተኛን ሲጨርስ በእንግሊዝኛ አንብቧል፣ ገልብጧል፣ አጥቁሯል እንጂ አንዲት ሙሉ ሃሳብ ሰው ፊት ቆሞ ተናግሮ አያውቅም። አንድ ዴስክ ላይ አራት ሆነው በሚቀመጡበት ክፍል ደግሞ ተናገሩ ብልስ ለስንቱ ይደርሳል?

የሀገር አቀፍ ፈተናው ከ2014 ተፈታኞች ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ሲሰጥ ጉዱ ወጣ። ከተፈተነው 50 ከመቶና በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር፣ በ2015 ደግሞ 3.2። በዚያ ዓመት ከ1,300 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ልጅ አላሳለፉም። አንድም! ሰው ሁሉ "የዘንድሮ ተማሪ ሰነፍ ነው" ብሎ ተሳለቀ። የአንድ ትምህርት ቤት ልጅ ሁሉ ተማክሮ ነው እንዴ የሚሰንፈው? ቤተ ሙከራ የለ፣ መጽሐፍ ለሦስት አንድ፣ ልጁ ከብት አውጥቶ ከዚያ ረጅም መንገድ በእግሩ ተጉዞ ነው ክፍል የሚገባው። ከዚህ ሁሉ አልፎ እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጠን ሰው ነው "ተነሳሽነት የለውም" የሚሉት።

ፎርም አንባቢዋ፦

መምህር ያሉት እውነት ነው፣ ግን አለቃህ ይህን አያነብም። የሰው ሃብት ክፍል ነው የምሰራው፣ ግልጽ ልሁንልህ። አለቃ የሚመዝነው ያየውንና የሰማውን ነው። "ተነሳሽነት" የምትለዋ መስፈርት ብዙ ቢሮ ውስጥ ትርጉሟ ስብሰባ ላይ ተናገረ አልተናገረም ነው፣ አፍ አውጥቶ የሚነግርህ የለም እንጂ። አፍ ያለው ያግባሽ ይባል የለ? ገና ከቃለ መጠይቁ ይጀምራል። ስራው ከጠዋት እስከ ማታ በአማርኛ የሚሰራ ሆኖ "ስለራስህ ንገረን" የሚባለው በእንግሊዝኛ ነው። የግል ትምህርት ቤት ልጅ ይፈስበታል። ሌላው ይንተባተባል፣ "በራሱ አይተማመንም" ይባላል፣ አለቀ።

እስኪስተካከል ግን አትጠብቅ። ስህተት ስታገኝ ያኑ ዕለት ለአለቃህ ኢሜል ላክ፣ ያንን ጓደኛህን ኮፒ አድርገው። ስብሰባ ላይ "ሐሙስ በላክሁት መሰረት" ካልክ በቂ ነው፣ ከዚያ በኋላ ማንም ቢያወራው ያንተ ነው። ደግሞ ምዘናው ላይ የሰራተኛ አስተያየት የሚል ቦታ አለ፣ ሰው ሁሉ ባዶውን ፈርሞ ይመልሰዋል። ጻፍበት።

ቦሌ 24፦

ምን ታስባለህ፣ ስራ ቀይር! ለማያከብር ቢሮ አትልፋ።

የሳይት ልጅ፦

እንኳን ስለ ዝምታ እናንተ አወራችሁ። አንተ ብትናገር ቢበዛ ደፋር ነው ትባላለህ። እኔ ስናገር ምላሷ ረዘመ ነው። የሲቪል መሃንዲስ ነኝ፣ ፎርማናችን በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ። አንድ ቀን አርማታ ሊሞላ ሲል የኮለኑ ስታፋ (የቆሙትን ብረቶች ዙሪያውን የሚያስረው ቀለበት) በየ15 ሳንቲም መታሰር ሲገባው በ20 መታሰሩን አየሁ። ሰራተኛው ሁሉ ፊት ተናገርኩ። "አንቺ ሳትወለጂ ነው እኔ ይህን ስራ የጀመርኩት" አሉኝ፣ ሁሉም ሳቀ፣ ተፈትቶ እስኪታሰር ድረስ ግማሽ ቀን ተጨቃጨቅን። አሁን ጠዋት ሻይ ላይ እይዛቸዋለሁ፣ "ጋሼ፣ እስቲ ይህን ስዕል አብረን እንየው" እላለሁ። ራሳቸው አይተው ራሳቸው ያስተካክላሉ። ስለዚህ ጨዋነትህን አትጣለው፣ አለቃህንም ከስብሰባው በፊት ለብቻቸው አግኛቸው።

ከዚህ በላይ የሚያበሽቀኝ ሌላ ነው። በአሰሪና ሰራተኛ አዋጁ (1156/2011) የወሊድ ፈቃድ ለእናት 120 ቀን፣ ለአባት 3 ቀን ነው። ቀጣሪ ቁጭ ብሎ ያሰላታል። "ትዳር ይዘሻል?" ተብዬ ተጠይቄያለሁ፣ ወንድሜ ግን እንዲህ ያለ ጥያቄ ቀርቦለት አያውቅም። ማታ ከስራ በኋላ ድራፍት ላይ የሚወሰነውንማ ተዉት፣ እኔ እዚያ ሰዓት ታክሲ ሰልፍ ላይ ነኝ።

ከአሌክሳንድሪያ፦

እዚህ ቨርጂኒያም አይቀርልህም። አለቃዬ ሲያናግረኝ አክብሬ መሬት መሬት አያለሁ፣ እሱ የምደብቀው ነገር ያለ መስሎት ቆይቷል። የኋላ ኋላ ራሱ ጠየቀኝ፣ ነገርኩት፣ ሳቅን። የጠየቀኝ ግን ደግ ሰው ስለሆነ ነው።

የፋርጣው ልጅ (ጠያቂ)፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ በተለይ መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ። ቦሌ 24፣ ስራ ቀይር ማለት ቀላል ነው። ከደሞዜ ግማሹ የቤት ኪራይ ነው፣ ከቀረው ባህር ዳር ለምትማረው እህቴ እልካለሁ። አሁን እያሰብኩት ሳየው ዝምታዬ አስተዳደግ ብቻም አይደለም። አጠገቤ ያለው ልጅ ቦታው ቢጠፋበት እናቱ ቤት ያድራል፣ ስለዚህ ተሳስቶም ቢናገር ስቆ ያልፈዋል። እኔ አንድ ነገር ከመናገሬ በፊት ኪራዩም እህቴም ይመጡብኛል። አፍ የሚይዘው አንዳንዴ ይሄም ነው።

አንድ ጥያቄ ለፎርም አንባቢዋ። ኢሜሉን በአማርኛ ልጻፈው ወይስ በእንግሊዝኛ?

ፎርም አንባቢዋ፦

የኪራዩ ነገር ገብቶኛል፣ ለዚያም ነው በጽሑፍ ያልኩህ፣ የተጻፈ ነገር ሦስቴ አንብበህ ነው የምትልከው። ቢሮአችሁ በሚጻጻፍበት ቋንቋ ጻፈው። እንግሊዝኛ ከሆነ አምስት መስመር ይበቃል፦ ምን አገኘህ፣ ስንት ብር ነው፣ የትኛው ደረሰኝ፣ ምን ይደረግ ትላለህ። "ምን ይደረግ" የምትለዋን እንዳትዘላት፣ ተነሳሽነት ብለው የሚፈልጓት እሷን ነው። ሰላምታውንም አሳጥረው፣ የገጠር ልጅ ኢሜል ሲጽፍ ጤና ጠይቆ እስኪጨርስ አለቃው ስክሪኑን ይዘጋል፣ ስቀልድ ነው፣ ግን ብሩን ከላይ አድርገው።