ወንድሜ ምንም ሳይጎርስ ያኝካል፤ ከመድኃኒቱ ይሆን?

ታላቅ እህት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ታናሽ ወንድሜ 34 ዓመቱ ነው። ለአእምሮ ሕመሙ መድኃኒት ከጀመረ 9 ዓመት ሆነው፤ መጀመሪያ ሃሎፔሪዶል፣ አሁን ደግሞ በየወሩ የሚወጋው ሞዲኬት። ድምፅ መስማቱ ቆሞለት ሱቅ ውሎ ይገባል፣ ተመስገን ነው። ከፋሲካ ወዲህ ግን ምንም ሳይጎርስ አፉ ያኝካል። ምላሱ ብቅ ጥልቅ ይላል፣ ጣቶቹ በገና እንደሚደረድር ሰው ይንቀሳቀሳሉ። ጎረቤት "ጫት ጀመረ እንዴ?" ብላ ጠየቀችኝ። እማዬ ደግሞ ጠበል ካልሄደ ትላለች። እሱን ብጠይቀው "ምን አደረግኩ?" አለኝ፣ የእውነት አልታወቀውም። ማታ ተኝቶ ሳየው ግን ፊቱ ጸጥ ያለ ነው። ባለፈው ክትትል ለሐኪሙ ስናገር "የበሽታው ጠባይ ነው" ብሎ መርፌውን ጽፎ ሸኘን። መርፌውን ላስቁመው? ጨንቆኛል።

የሳይካትሪ ነርስ፦
እህቴ፣ በገዛ እጅሽ እንዳታስቆሚው። በድንገት ሲቋረጥ እንቅስቃሴው ሊብስ ይችላል፣ ድምፁም ተመልሶ ሊመጣ ይችላል።

የምትነግሪን ታርዲቭ ዲስካይኔዥያ የሚባለውን ይመስላል። ታርዲቭ ማለት ዘግይቶ የሚመጣ፣ ዲስካይኔዥያ ደግሞ ሰው ሳያዝዘው የሚመጣ እንቅስቃሴ ማለት ነው፤ ስሙ የወጣለት በ1964 እ.ኤ.አ. ነው፣ አዲስ ነገር አይደለም። መድኃኒቱ አንጎል ውስጥ ዶፓሚን የሚባለውን፣ በነርቮች መካከል መልእክት የሚያስተላልፈውን ንጥረ ነገር ሥራ ያግዳል። ለወራትና ለዓመታት ሲታገድ አንጎል ለዶፓሚን ከመጠን በላይ ስሱ ይሆናል ተብሎ ይታሰባል። ሲተኛ እንደሚጠፋ ማየትሽ ጎበዝ ነሽ፣ ጠባዩ እንደዛ ነው። እሱ አለማወቁም የተለመደ ነው፣ ስለዚህ ቤተሰብ ካላየለት ማን ያይለታል?

እንዲህ ያለውን እንቅስቃሴ ለማየት ኤይምስ የሚባል ምርመራ አለ፣ እንዴት እንደሚሠራ ልንገርሽ። መጀመሪያ አፉ ውስጥ ማስቲካ ወይ ከረሜላ እንደሌለ፣ ጥርሱንም አሞት እንዳልሆነ ጠይቂው። ከዚያ ክንድ ማሳረፊያ የሌለው ጠንካራ ወንበር ላይ ይቀመጥ፣ እጁን ጉልበቱ ላይ ያሳርፍ። አፉን ይክፈት፣ ምላሱን ያውጣ። ቀጥሎ አውራ ጣቱን ከሌሎቹ ጣቶች ጋር በየተራ በፍጥነት ያነካካ፣ በእያንዳንዱ እጅ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ። ያኔ አንቺ ጣቱን ሳይሆን ፊቱንና እግሩን ነው የምታዪው፤ ሐሳቡ እጁ ላይ ሲሆን የተደበቀው እንቅስቃሴ ይወጣል። እሱ ከፈቀደ በስልክሽ ቅረጪው። 5 ደቂቃ ብቻ ያለው ሐኪም ቪዲዮ ሲያይ ነገሩ ይለያል።

አርቴን ይወስዳል? አርቴን የሚባለው ክኒን እነዚህ መድኃኒቶች ለሚያመጡት መገተርና መንቀጥቀጥ ይረዳል፣ ይህንን ግን ሊያብሰው ይችላል። እሱንም ከሐኪሙ ጋር ሆናችሁ እንጂ ብቻችሁን አትንኩት።

በራሴ ያየሁት፦
የእኔ እንደ ወንድምሽ ዘግይቶ የመጣ አልነበረም። ሃሎፔሪዶል በጀመርኩ በሁለተኛው ቀን አንገቴ ወደ ጎን ተጣመመ፣ ዓይኔ ወደ ላይ ተሰቅሎ ቀረ። ቤተሰቤ መንፈስ ነው ብለው ቄስ ጠሩ። ጎረቤት ግን ጤና ጣቢያ ወሰደኝ፣ አንድ መርፌ ወጉኝና ብዙም ሳይቆይ ተፈታ። ዲስቶኒያ፣ መድኃኒቱ ያመጣው የጡንቻ መኮማተር ነው አሉኝ። እንዲህ ሆኖ ጉሮሮ ከታነቀ፣ ወይም መድኃኒቱን የሚወስድ ሰው ሰውነቱ ደርቆ ትኩሳት ከያዘውና ከተደነባበረ፣ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ነው፣ ነገ አይባልም።

ከዚያ የባሰው የመጣው በሳምንቱ ነው። መቀመጥ አቃተኝ፤ ከውስጤ የሆነ ነገር ይነዳኛል፣ ቤቱን ስዞር አድራለሁ። "ተነሳበት" ተብሎ መድኃኒቱ ተጨመረልኝና ጭራሽ ባሰብኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በዚያ ሳምንት ሞት ተመኝቻለሁ። አካቲዥያ የሚባለው፣ መድኃኒቱ ያመጣው መቁነጥነጥ እንደሆነ ያወቀችው ሌላ ሐኪም ናት፤ መጠኑን ስትቀንሰው ለቀቀኝ። ሰው ሲንቆራጠጥ ስታዩ "ምን ሆንክ?" ብቻ አትበሉት። "ከውስጥ ነው የሚነዳህ?" በሉት።

ከሜሪላንድ፦
እናቴ የአእምሮ ሕመም ኖሯት አያውቅም። ለማቅለሽለሽ ሜቶክሎፕራማይድ፣ አገር ቤት ፕላሲል የምንለውን፣ ከዓመት በላይ ወሰደች። መንጋጋዋ መንቀሳቀስ ጀመረ፤ እኛ እርጅና ነው ብለን ዝም አልን፣ ዛሬም ይቆጨኛል። እዚህ አሜሪካ ከ12 ሳምንት በላይ እንዳይወሰድ የሚል ጠንካራ ማስጠንቀቂያ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለው። አሁን ለዚህ ችግር በ2017 እ.ኤ.አ. የተፈቀደውን ቫልቤናዚን የሚባል መድኃኒት ትወስዳለች፤ ዋጋው ግን ያለ ኢንሹራንስ አይቻልም። አልጠፋላትም፣ ቀንሶላታል። ሰው ፊት መብላት ጀምራለች።

ታላቅ እህት፦
አርቴን ይወስዳል! ትናንት እንዳልሽኝ አደረግን። ጣቱን ሲያነካካ ምላሱ ወጣ፣ እግሩም ወለሉን መታ መታ ያደርጋል። ቪዲዮውን ራሱ አየው። ብዙ ዝም አለና "ለካ ለዚህ ነው ደንበኞች አፌን የሚያዩት" አለኝ። ሐኪሙን ምን ልጠይቀው?

የሳይካትሪ ነርስ፦
መጠኑ መቀነስ ይቻል እንደሆነ፣ ወይም ይህን ችግር በማምጣት አነስ ወደሚለው እንደ ክሎዛፒን ያለ መድኃኒት መቀየር ይቻል እንደሆነ ጠይቂ። ክሎዛፒን የነጭ ደም ሴል ምርመራ በየጊዜው ይፈልጋል፣ ስለዚህ ላቦራቶሪው መኖሩን አብረሽ ጠይቂ። የ9 ዓመቱን የመድኃኒት ስምና መጠን ከነጊዜው በወረቀት ጽፈሽ ሂጂ።

ታላቅ እህት፦
ቀጠሯችን ማክሰኞ ነው። ወረቀቱን ጽፌያለሁ። ቪዲዮውን ግን እሱ ራሱ ነው የሚያሳየው፣ ስልኬን ተቀብሎኛል።