ወደ ኤሌክትሪክ ምጣድ ከተሻገርን በኋላ ወደ እንጨት መመለስ ያዋጣ ይሆን?

ጥያቄ፦ እንጀራ አቅራቢ፣ ደሴ

ሰላም ለሁላችሁም። ደሴ ከተማ ውስጥ ለምግብ ቤቶች እንጀራ በማቅረብ ልጆቼን የማሳድግ ሴት ነኝ። ቀድሞ የምጋግረው ከኩታበር በኩል በሚመጣ የባሕር ዛፍ እንጨት ነበር። ጭሱ ዓይኔን ስለጎዳውና ከእንጨት ወደ መብራት ተሸጋገሩ የሚለውን ምክር ስለተቀበልሁ፣ ዕቁብ በደረሰኝ ጊዜ ሁለት የኤሌክትሪክ ምጣዶች ገዛሁ፤ ለጥቂት ዓመታትም አልተቆጨሁም። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ወዲህ ግን ታሪፉ በየሦስት ወሩ ከፍ ስለሚል፣ የዚህን ወር ሂሳብ ለምጄው ሳልጨርስ የሚቀጥለው ይደርሳል። በእንጀራው ላይ ትንሽ ብጨምር ደንበኛ ይሸሻል። መብራት በሚጠፋበት ቀን ደግሞ ሊጡ ከልክ በላይ እንዳይኮመጥጥብኝ እንጨት ገዝቼ ስለምጋግር፣ ለአንድ ሥራ ሁለት ጊዜ እከፍላለሁ። ጭማሪው ከምን የመጣ ነው? ወደ እንጨት ብመለስስ ያዋጣኛል? በሙያው ውስጥ ያላችሁ ብትመክሩኝ አመሰግናለሁ።

መልስ 1፦ የኤሌክትሪክ ባለሙያ፣ ኮምቦልቻ

እኅቴ፣ በመጀመሪያ ስሌቱን እንይ። አንድ የተለመደ የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይስባል። ሁለቱን በቀን ለ3 ሰዓት ቢያበሩ 21፣ በወር 25 ቀን ቢሠሩ ደግሞ 525 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በእርከን የተከፋፈለ በመሆኑ፣ ከ500 በላይ የሚጠቀም ሰው በመጨረሻው እርከን ላይ ይወድቃል። ከአሁኑ ጭማሪ በፊት እንኳ የአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋ በመጀመሪያው እርከን 0.273 ብር ሲሆን በመጨረሻው 2.481 ብር ነበር። ስለዚህ በወር እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ለሚጠቀም ቤተሰብ የተደረገው ድጎማ ለእርስዎ አልደረሰም ማለት ነው።

የጭማሪው ምክንያት ኃይል የሚያመነጨው የግድብ ውኃ አይደለም፤ ውኃው በነጻ ይወርዳል። ወጪው ያለው ውኃው ከሚያሽከረክረው ተርባይን በኋላ ባለው ነገር ላይ ነው። ትራንስፎርመሩም፣ ሽቦውም፣ ቆጣሪውም በአብዛኛው በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ወይም በብድር የሚሠራ ሲሆን፣ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በኋላ ቀድሞ በ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በዚያ ላይ ታሪፉ ከ1998 እስከ 2011 ዓ.ም. ድረስ ሳይነካ ስለቆየ፣ የተጠራቀመው ሁሉ በአንድ ትውልድ ትከሻ ላይ ወረደ።

አንድ ተግባራዊ ምክር ልጨምር፦ ምጣድ ብዙ ኃይል የሚበላው እስኪግል ድረስ ነውና ጠዋት ጥቂት ማታ ጥቂት ከመጋገር ይልቅ ሊጡን አዘጋጅተው በአንድ ጊዜ ይጨርሱ። ከሸክላው ሥር ያለው መከላከያ ካለቀ ሙቀቱ ወደ ታች ይባክናል፤ ሶኬቱና መሰኪያው የሚያቃጥሉ ከሆነም ሂሳብ ብቻ ሳይሆን ቤትም ያስፈራል፤ ያስፈትሿቸው።

መልስ 2፦ የወልድያ መምህር

ባለሙያው የተናገሩት እውነት ቢሆንም ከሕዝቡ ቅሬታ ግማሹን ብቻ ይመልሳል። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የሕዳሴው ግድብ ሲጀመር፣ ደመወዝተኛው ከወር ገቢው እየቆረጠ፣ ነጋዴው ቦንድ እየገዛ አዋጥቷል። ግድቡ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ የማመንጨት አቅሙ 5,150 ሜጋ ዋት መሆኑን ሰምተን ደስ ብሎናል። ሆኖም ገንዘቡን ያዋጣ ሰው መብራቱ በመጣ ማግሥት ዋጋው ሲጨምር ቢያየው ምን ይበል? ማመንጨትና ማከፋፈል የተለያዩ ናቸው የሚለው ማብራሪያ አስቀድሞ ቢነገረን ኖሮ እንረዳው ነበር። በ2014 ዓ.ም. ከወልድያ እስከ ቆቦ በጦርነቱ ምክንያት ለወራት በጨለማ የቆየን ሰዎች መብራት ያለ ዋጋ አይገኝም ብለን አንከራከርም። የምንለው፣ የአቅርቦቱ አስተማማኝነት ከዋጋው ቀድሞ ወይም ቢያንስ አብሮት ይምጣ ነው።

መልስ 3፦ በውጭ አገር የምኖር የሐይቅ ተወላጅ

ይህ ቅሬታ የእኛ ብቻ አይደለም። በፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2018 ቢጫ ሰደርያ የለበሱ ሰዎች መንገድ የዘጉት፣ የአየር ንብረትን ለመጠበቅ ሲባል በነዳጅ ላይ ሊጨመር በነበረ ግብር ምክንያት ነበር፤ ብዙዎቹም አውቶቡስ በማይደርስበት ገጠር የሚኖሩና ያለ መኪና ሥራ የማይሄዱ ነበሩ። መንግሥትም ለ2019 የታቀደውን ጭማሪ ለመተው ተገደደ። በጀርመን ደግሞ ለፀሐይና ለነፋስ ኃይል ድጋፍ የሚውል ተጨማሪ ክፍያ ለብዙ ዓመታት በቤተሰብ ሂሳብ ላይ ሲጫን፣ ብዙ ኃይል የሚጠቀሙ ፋብሪካዎች ግን ከአብዛኛው ነጻ ነበሩ፤ ክፍያው ከእያንዳንዱ ሂሳብ ላይ የተነሣው እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2022 ነው። በሁለቱም አገሮች ሰውን ያስቆጣው ንጹሕ ኃይል መምጣቱ ብቻ ሳይሆን ወጪው በማን ላይ እንደወደቀ ነው። ጠያቂያችንም ምክሩን ሰምተው ምጣድ የገዙ በመሆናቸው ቅጣቱ የታዘዘውን ሰው አገኘው ያሰኛል።

መልስ 4፦ የቦሩ ሜዳ ሰው

እኔ ወደ እንጨት መመለሱን አልደግፍም። የእንጨቱ ዋጋም ቆሞ አልጠበቀዎትም፤ ጭሱም ዓይንዎን አይምርም። ሆኖም መብራት ለሚጠፋበት ቀን ብቻ ምርጥ ምድጃ የሚባለውን ቢያስቀምጡ፣ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እንጨቱን በግማሽ ገደማ ስለሚቀንስ ሁለተኛው ወጪ ይቀልልዎታል።

ጠያቂዋ፦

ለሁላችሁም ምስጋናዬ የላቀ ነው። ሶኬቱን አስፈተሽሁ፤ አንዱ በእርግጥ ቀልጦ ነበር። ከዛሬ ጀምሮም የጠዋቱንና የማታውን ሊጥ አንድ ላይ እያዘጋጀሁ በአንድ ጊዜ እጋግራለሁ፤ እንጨቱን ለክፉ ቀን ብቻ አስቀራለሁ። መምህሩ ያነሡት ጥያቄ ግን እኔም ጥያቄዬ ነው፤ መልሱን ከዚህ አልጠብቅም። ምርጥ ምድጃ በደሴ ወይም በኮምቦልቻ የት እንደሚሸጥና ለንግድ የሚሆን ትልቅ ምጣድ ይችል እንደሆነ የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ።