ቤዚስ 3 ቦርድ፦ ኤሌክትሪክ ሲጠፋ ዲዛይኑም ይጠፋል፤ ከፍላሽ እንዴት ላስነሳው?

ጀማሪዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የመመረቂያ ፕሮጀክቴን ቤዚስ 3 ላይ ነው የምሠራው። ቺፑ አርቲክስ 7፣ 35ቲ ነው፤ ኤፍፒጂኤ ማለትም ውስጡ ያለው ሎጂክ በምንጭነው ዲዛይን የሚዋቀር ቺፕ። በዩኤስቢ ስጭነው አሪፍ ይሠራል። ነቅዬ ስሰካው ግን ባዶ ነው። ቦርዱ ላይ ያለው ፍላሽ (መብራት ቢጠፋም የማይረሳው ሜሞሪ) ላይም ጽፌያለሁ፤ የምጭንበት ሶፍትዌር ቪቫዶም ምንም ስህተት አላወጣም። ቦርዱ ግን ዝም። መብራት በሄደ ቁጥር ላፕቶፕ መክፈት ሰለቸኝ፤ ለዲፌንሴ ደግሞ አንድ ሳምንት ነው የቀረኝ። ምን ጎደለኝ?

ብየዳ፦
አይዞሽ እህቴ። መጀመሪያ ጄፒ1 የሚለውን ጃምፐር እዪው። ጄታግ (ከኮምፒውተር በኬብል መጫኛው) ላይ ከሆነ ቺፑ ፍላሹን ዞር ብሎም አያየውም። ኪውኤስፒአይ (ከፍላሹ ማንበቢያው) ወደሚለው አዛውሪውና ፕሮግ የሚለውን ቁልፍ ተጫኚ። ቁልፉ ሲጫን ቺፑ ውስጥ ያለው ዲዛይን ይጠፋል፤ ሲለቀቅ እንደ አዲስ ከፍላሹ ያነባል። አንብቦ ሲጨርስ የዳን መብራት ይበራል።

ጀማሪዋ፦
ጄታግ ላይ ነበር! አሁን ይነሳል፣ ተባረክ። ግን ዳን እስኪበራ ስድስት ሰከንድ ገደማ ይፈጃል። ጤነኛ ነው? ደግሞ ቦርዱ ሳጥን ውስጥ ስለሚገባ ቁልፉን መንካት አልችልም። ዲዛይኑ ራሱን በራሱ ዳግም ማስነሳት ይችላል?

ሎጂክ፦
ጤነኛ ነው። ቢትስትሪሙ፣ ማለትም ቺፑ ላይ የሚጫነው የዲዛይንሽ ፋይል፣ 17.5 ሚሊዮን ቢት ገደማ ነው። ካልነካሽው በ3 ሜጋኸርዝ፣ በአንድ መስመር ነው የሚነበበው። አካፍዪው፣ ስድስት ይመጣልሻል። የቢትስትሪም ሴቲንግ ውስጥ ፍጥነቱን 33፣ የኤስፒአይ ስፋቱን (የማንበቢያ መስመሮቹን ብዛት) 4 አድርጊና ፍላሹን እንደገና ጻፊ። ከሩብ ሰከንድ በታች ይወርዳል።

ራሱን እንዲያስነሳ ከፈለግሽ ቺፑ ውስጥ አይካፕ የሚባል ክፍል አለ። በሱ በኩል አይፕሮግ የሚባለውን ትዕዛዝ ስትልኪ የፕሮግን ቁልፍ እንደ መጫን ነው። እኔን ሁለት ቀን ያሰቃየኝን ልንገርሽ፦ በእያንዳንዱ ባይት ውስጥ የቢቶቹ ቅደም ተከተል መገልበጥ አለበት። ካልገለበጥሽው ምንም ስህተት አይነግርሽም። ዝም ብሎ ይቀመጣል።

ብየዳ፦
አንድ ልጨምር። ትዕዛዙን የሚቀሰቅሰው ሲግናል ከ0 ወደ 1 ሲቀየር ብቻ ይሥራ። ቺፑ ሲነሳ 1 ሆኖ ከጠበቀው እየተነሳ እየጠፋ ያድራል።

ካውንተር፦
ቆይ፣ ለምን ፈለግሽው? ስቴት ማሽንሽ (ዲዛይኑን ደረጃ በደረጃ የሚያስኬደው ክፍል) ሲቆም ወደ መነሻው እንዲመለስ ብቻ ከሆነ ቺፑን እንደገና መጫን አያስፈልግም። ተራ ሪሴት ሲግናል ይበቃል። አይፕሮግ የሚጠቅመው ከፍላሹ ሌላ ዲዛይን መጫን ሲያስፈልግሽ ነው።

ጀማሪዋ፦
ልክ ነህ፣ የሚቆመው ስቴት ማሽኑ ነው። ሪሴት ጨመርኩበት፣ ይመለሳል። ፍጥነቱንም ቀየርኩት፤ ገና ስሰካው ዳን ይበራል። አይፕሮግን ከዲፌንስ በኋላ እሞክረዋለሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።