የቅድመ አያቴ ወጅግራ ሰገሌ መዋሉን እንዴት ላረጋግጥ?

የወረኢሉ ልጅ፦ ሰላም ለዚህ ቤት። ቤታችን አንድ አሮጌ ጠመንጃ አለ። አባባ «ወጅግራ ነው፣ ቅድመ አያትህ ከወሎው ንጉሥ ሚካኤል ጋር ሰገሌ ጦርነት የዘመቱበት» ይላሉ። ብረቱ ላይ በፈረንጅ ፊደል የተጻፈ ነገር አለ፣ ቀጥሎ 1874 ይላል። አጎቴ ደግሞ «ከዓድዋ 14 ዓመት በፊት የተሠራ ነው፣ ስለዚህ ዓድዋም ውሏል» ብሎ ድርቅ አለ። ከየት ልጀምር?

ደሴ ፒያሳ፦ መጀመሪያ ጥይት አለመጉረሱን እይ። አጎትህን ደግሞ ቀስ በልልኝ፣ 1874 የፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ ያውም የሞዴሉ ስም እንጂ የተሠራበት ዓመት አይደለም። ወጅግራ ማለት የፈረንሳዩ ፉዚል ግራ ነው፣ በ11 ሚሊ ሜትር ጥይት አንድ አንድ እያጎረስክ የምትተኩሰው። የተሠራበትን ዓመት በርሜሉ ላይ ለብቻው ፈልገው። በአመድ እንዳትፈትገው! የኛ ቤት ሰዎች ለበዓል እናጽዳ ብለው ቁጥሩን ጨርሰው አጠፉት፣ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ሐይቅ ዳር፦ ሃሃ፣ ወሎ ውስጥ ሰገሌ ያልዋለ ጠመንጃ አይቼ አላውቅም። ወንድሜ፣ ጥቅምት 17 ቀን 1909 የተሸነፍነው እኛ ነን። ንጉሡ ራሳቸው ተማርከዋል። እና የሳቸው ወታደር ጠመንጃውን እንዴት ይዞ ወረኢሉ ገባ? እሱን ጠይቅልኝ።

ዩታ ነኝ፦ እዚህ አሜሪካ ሞርሞኖቹም (የአንድ ሃይማኖት ተከታዮች ናቸው) ጋ ይኸው ክርክር አለ። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1846 አሜሪካ ከሜክሲኮ ጋር ስትዋጋ የሞርሞን ሻለቃ የሚባል ወደ 500 ሰው ዘመተ። መንግሥት ፎርት ሌቨንወርዝ በሚባል የጦር ሰፈር ሞዴል 1816 የሚባለውን፣ በባልጩት ብልጭታ የሚተኩሰውን ጠመንጃ አደላቸው፣ በ1847 ካሊፎርኒያ ላይ ሲሰናበቱም ይዛችሁት ሂዱ ተባሉ። ስለዚህ አንድ ቤት ውስጥ መገኘቱ አይገርምም። ችግሩ ያ ሞዴል በመቶ ሺዎች የተሠራ ነው፣ ዓይነቱ ስለገጠመ ብቻ የአያቴ ነው ማለት አይቻልም። የዘማቾቹ የስም ዝርዝር ስላለ ከሰውዬው ይጀምራሉ፣ ከዚያ ጠመንጃው ከማን ወደ ማን እንዳለፈ ይቆጥራሉ። አንተም እንደዚያ አድርግ። የቅድመ አያትህን ፉከራ የሚያስታውስ ሽማግሌ ካለ ደግሞ ቶሎ በስልክህ ቅዳው።

የወረኢሉ ልጅ፦ የሐይቅ ዳርን ጥያቄ ቡና ላይ አነሳሁት። አባባ ዝም አሉ። እማማ ከጓዳ ሆነው «ባዶ እጃቸውን ነው የተመለሱት፣ ይሄን በኋላ ሁለት በሬ ሸጠው ነው የገዙት» አሉ። አጎቴ አኩርፏል። በሬዎቹ የማን እንደነበሩ አሁን ሌላ ክርክር ተነስቷል።