የናፍጣ ፊልትሮ አየር ሲወጣ ሞተሩን ሁሉ ናፍጣ እንዳያለብሰው ምን ይሻላል?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምነዳው አሮጌ የናፍጣ የጭነት መኪና ነው። ኮምፒውተር የሚባል ነገር የለውም፤ ናፍጣውን በግፊት ወደ ሞተሩ የሚልከው ኢንጀክሽን ፓምፑ መካኒካል ነው። ፊልትሮውን የምቀይረው ራሴ ነኝ። መቀየሩ አያስቸግረኝም። የሚያማርረኝ ከዚያ በኋላ አየር ማስወጣቱ ነው።

የማደርገው እንዲህ ነው። በፊልትሮው ራስ ላይ ያለችውን የአየር ቡሎን አላላለሁ። የእጅ ፓምፑን እጫናለሁ። መጀመሪያ አረፋ ይመጣል። ቀጥሎ አረፋና ናፍጣ ተቀላቅሎ ይተፋል። ንጹህ ናፍጣ ሲወርድ አጠብቃለሁ። መኪናውም ይነሳል። ግን ናፍጣው በፊልትሮው ጎን ወርዶ ቀጥታ ሞተሪኖው (የሞተር ማስነሻው) ላይ ያርፋል። ከዚያ ሻንሲው፣ ከዚያ መሬቱ፣ ከዚያ እኔ። ባለፈው በእጅጌዬ ገብቶ ብብቴ ድረስ ደረሰ። ጋቢናው ሦስት ቀን ናፍጣ ናፍጣ ሸተተ። ጨርቅ ከስር ባደርግ ወዲያው ይረሰርሳል። ሳህን ባስቀምጥ ናፍጣው ሳህኑን ትቶ በሌላ በኩል ይወርዳል። እናንተ እንዴት ነው የምትሠሩት?

የጋራዥ መካኒክ፦
ወንድሜ፣ የፍሬን አየር ሲወጣ አይተሃል አይደል? ቡሎኑ ጫፍ ላይ ቱቦ ይሰካል፣ የቱቦው ሌላ ጫፍ ጠርሙስ ውስጥ ይገባል። የናፍጣውም ያው ነው። ውስጡ የሚያሳይ ቀጭን ቱቦ ፈልግ። ጫፏ ላይ ጠበቅ ብሎ የሚገባ መሆን አለበት፤ ሰፊ ከሆነ በጎኑ ያፈሳል። ሌላውን ጫፍ ጥቂት ናፍጣ ያለበት የፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ አስገባና ጫፉ ናፍጣው ውስጥ ይጥለቅ። አየሩ ቡል ቡል እያለ ሲወጣ ታያለህ። ቡልቡልታው ሲያበቃ አጥብቅ።

አንድ ነገር ልጨምር። ቱቦውን ከቡሎኑ ላይ መጀመሪያ ወደ ላይ አስኪደው፣ ከዚያ ወደ ጠርሙሱ ይውረድ። አረፋው ወደ ላይ ስለሚሄድ ተመልሶ አይገባም፣ አንተም ጎንበስ ሳትል ታየዋለህ። ቁልፉን ደግሞ ቱቦውን ከመሰካትህ በፊት ቡሎኑ ላይ አስገባው። በኋላ ልታስገባ ስትል ቱቦውን መንቀል ሊኖርብህ ነው፣ ያን ጊዜ ያው ብብትህ ድረስ ነው።

ጠያቂ፦
አመሰግናለሁ ወንድሜ። ችግሩ የኔ ቡሎን ጫፍ የለውም። ተራ ቡሎን ነው፣ ከስሩ የመዳብ ሮንዴላ፣ ማለትም ስስ ክብ ማሸጊያ፣ አለው። ቱቦ የሚሰካበት ቦታ የለም። በፍሬን ዓይነቱ ብቀይረውስ?

የጋራዥ መካኒክ፦
እሱን ቀስ በል። የፍሬኑ ቡሎን የሚዘጋው በሾለ ጫፉ ነው። ጉድጓዱ ስር የሾለው ጫፍ የሚቀመጥበት ወንበር ከሌለ፣ ጥርሱ ቢገጥም እንኳ ያፈሳል። ያንተ የሚዘጋው ከራሱ ስር ባለው ሮንዴላ ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም። የፊልትሮው ራስ ደግሞ ብዙ ጊዜ አሉሚኒየም ነው። ያልገጠመ ቡሎን ባስገደድክ ቁጥር ጥርሱን ትበላዋለህ። ከዚያ በኋላ የምታወራው ስለ መንጠባጠብ አይደለም፣ ስለ አዲስ ራስ ነው።

የሚሆነው ይሄ ነው። መሃሉ ክፍት የሆነ ቡሎንና በላዩ የሚቀመጥ ቀለበት አለ፣ የናፍጣ ቱቦዎች የሚያያዙበት ዓይነት። ውፍረቱም ጥርሱም ካንተ ቡሎን ጋር አንድ የሆነውን ፈልግ። አሮጌውን ቡሎን ይዘህ ሂድ፣ በዓይን አትገምት። ቀለበቱ ላይ የቱቦ መሰኪያ ይኑረው። ከቀለበቱ በላይ አንድ ሮንዴላ፣ ከስሩ አንድ ሮንዴላ። አየር ስታስወጣ ብቻ ትገጥመዋለህ። ንጹህ ናፍጣ ሲመጣ ፈትተህ የራሱን ቡሎን ትመልሳለህ። ያን ጊዜ የምትፈሰው አንድ ማንኪያ የማትሞላ ናት።

የድሮ መካኒክ፦
ልጄ፣ ቱቦውም ጠርሙሱም ጥሩ ነው። እኔ ግን ከሩቅ ሳየው ያንተ ናፍጣ ግማሹ የሚፈሰው አየር ስታስወጣ አይመስለኝም። አሮጌውን ፊልትሮ ስትፈታ ነው። ሙሉውን ፊልትሮ ሳታጎድል ትፈታዋለህ፣ ጓርኒሲዮኑ (የጎማ ማሸጊያው) ሲለቅ ዙሪያውን ያንጠባጥባል፣ አዘንብለህ ስታወጣው የቀረውን ትደፋዋለህ። ያ ሁሉ ሞተሪኖው ላይ ከተቀመጠ በኋላ አየር ስታስወጣ የወረደች ጠብታ ብትጨመርበት ሁሉንም በሷ ታሳብባለህ።

ስለዚህ መጀመሪያ አጉድለው። ከስሩ የውሃ ማፍሰሻ ካለው ዕቃ ደቅንበትና ክፈተው። ላይ ያለችውን የአየር ቡሎን አላላት፣ አለበለዚያ አየር ስለማይገባ ናፍጣው አይወርድም። አንድ ሁለት ደቂቃ ጠብቅ። ከዚያ ፊልትሮውን ወፍራም ፌስታል አልብሰው፤ አፉን ከፊልትሮው ራስ በላይ ድረስ ስበህ ያዘው። በፌስታሉ ላይ ሆነህ በእጅህ ፍታው። መጀመሪያ በቁልፍ ሩብ ዙር ብቻ አላቀው፣ ቀሪው በእጅ ነው። ፊልትሮውም የተረፈው ናፍጣም ፌስታሉ ውስጥ ይገባሉ። አፉን ቋጥረህ ወደ ጎን። እኔ ይሄን ከለመድኩ ወዲህ ሱሪዬ ይመሰክርልኛል።

ማፍሰሻ የሌለው ከሆነ ያው ፌስታሉ ነው፣ ዝግ ብለህ ብቻ አላቀው።

አሮጌው ጓርኒሲዮን የፊልትሮው ራስ ላይ ተጣብቆ እንዳይቀር በጣትህ ዳስስ። ሁለት ጓርኒሲዮን ከተደራረበ ናፍጣ ከማፍሰሱም በላይ አየር ይስባል፤ አንተ ቀኑን ሙሉ ፓምፕ ስትጫን ትውላለህ።

ወጣት ሾፌር፦
ይሄ ሁሉ ምን ያደርጋል? አዲሱን ፊልትሮ በናፍጣ ሞልቶ መግጠም ነው እንጂ። ፓምፕ መጫኑም አየር ማስወጣቱም ይቀራል። እኔ ሁሌ እንደዛ ነው የማደርገው።

የጋራዥ መካኒክ፦
ወንድሜ፣ ከየት ነው የምትሞላው? ከጀሪካን ከሆነ ያ ናፍጣ አልተጣራም። በብዙ ፊልትሮ ላይ የዳር ዳሩ ትንንሽ ቀዳዳዎች ናፍጣ የሚገባባቸው ናቸው፤ መሃሉ ያለው ትልቁ ቀዳዳ ደግሞ የተጣራው የሚወጣበት ነው። በመሃሉ ስትሞላ ጀሪካኑ ውስጥ የነበረው አሸዋ በቀጥታ ወደ ኢንጀክሽን ፓምፑ ይሄዳል ማለት ነው። ፊልትሮውን የገዛኸው ለምን ነበር?

በአሮጌ መካኒካል ሞተር፣ በዳሩ ቀዳዳዎች፣ በንጹህ ናፍጣ፣ በዝግታ ከሆነ ብዙ ሰው ያደርገዋል፤ አልቃወምም። ኮመን ሬይል (በኮምፒውተር የሚታዘዝ ባለ ከፍተኛ ግፊት የናፍጣ ሞተር) ላይ ግን ወደ ሞተሩ የቀረበውን ሁለተኛውን ፊልትሮ ሞልቶ መግጠም ብዙ አምራቾች ይከለክላሉ። እዚያ ግፊቱ 2,000 ባርና ከዚያ በላይ ይደርሳል። በዓይን የማትታይ ብናኝ ኢንጀክተር (ናፍጣውን ሲሊንደር ውስጥ የሚረጨውን) ታበላሻለች። ባዶውን ግጠምና በፓምፕ ሙላው።

ደግሞ እውነቱን እንነጋገር። እስከ አፉ የሞላ ፊልትሮ ከሞተር ስር አዘንብለህ ስትገጥም ሳትደፋ የቀረህበት ቀን አለ?

ወጣት ሾፌር፦
የለም 😄 እሺ ተቀብያለሁ።

የረጅም መንገድ ሾፌር፦
እኔ ስለ ታንኩ ልጠይቅህ ወንድሜ። ፊልትሮውን ስትፈታ ታንኩ ሙሉ ነበር? እኔ አንድ ጊዜ ሞልቼ እንደቆምኩ ፊልትሮ ልቀይር ብዬ ናፍጣው አልቆም አለኝ። በአውራ ጣቴ ደፍኜ ረዳቴን ስጣራ ነበር። ታንኩ ውስጥ ያለው ናፍጣ ከፊልትሮው ከፍ ካለ በራሱ ክብደት ይወርዳል። መዝጊያ ካለው ዝጋው፤ ከሌለው ታንኩ ጎደል ሲል ቀይር። ክዳኑንም ከፈት አድርገህ ዝጋው፣ ታንኩ ውስጥ የታመቀ ግፊት ካለ ይተነፍሳል።

ታንኩ ዝቅ ያለ ከሆነ ችግሩ የተገላቢጦሽ ነው። ከፍተህ ከቆየህ መስመሩ ውስጥ ያለው ናፍጣ ወደ ታንኩ ይመለስና አየር ይተካዋል። ስለዚህ አዲሱን ፊልትሮ ካርቶኑን ከፍተህ፣ ጓርኒሲዮኑን በንጹህ ናፍጣ አርሰህ፣ አጠገብህ አስቀምጠህ ነው አሮጌውን መፍታት። አንዱ ወጣ፣ አንዱ ገባ። የገባ አየር ባነሰ ቁጥር የምትጫነውም የምትተፋውም ያንሳል።

የጋራዥ መካኒክ፦
እህቴ ትክክል ብለሻል፣ ይሄኛውን ረስቼው ነበር።

የድሮ መካኒክ፦
ስለ አጫጫኑም አንድ ነገር ልበል። ልጆች ፓምፑን ሲጫኑ እንደ ከበሮ ነው የሚደልቁት። ቡሎኑን ግማሽ ዙር ብቻ አላላ፣ ቢበዛ አንድ ዙር። ቀስ ብለህ ሙሉ በሙሉ ተጫን፣ ሙሉ በሙሉ ልቀቅ። በጥድፊያ ስትጫን ናፍጣው ራሱ አረፋ ይሆንና አየሩ አለቀ አላለቀ መለየት ያቅትሃል፤ የሚተፋውም ዓይንህን ነው። መነጽር አድርግ። ስታጠብቅ ፓምፑ እየተጫነ፣ ናፍጣው እየወጣ ሳለ አጥብቅ። ከለቀቅከው በኋላ ካጠበቅህ አየር መልሶ ይገባል። ሰው ካለ አንዱ ይጫን፣ ሌላው ያጥብቅ።

ቡሎኗን ደግሞ አታሰቃያት። ሮንዴላው ከተላላጠ ወይም ከተደፈጠጠ ቀይረው እንጂ በጉልበት አትዝጋው።

ጠያቂ፦
ጋሼ፣ አንድ ጥያቄ። አንዳንዴ ቡሎኗን ዘግቼ ከተጫንኩ በኋላም ፓምፑ አይጠነክርም፣ ባዶ ባዶ ይላል። ያን ጊዜ የኢንጀክተር ዳዶዎችን (የቱቦ ማሰሪያዎቹን) አላልቼ ነው ሞተሪኖ የምመታው። እዚያም ይረጫል።

የድሮ መካኒክ፦
ፓምፑ ካልጠነከረ አየር የሚስብበት ቦታ አለ። ከታንክ እስከ ፓምፕ ያለው መስመር የሚሠራው በመሳብ ነው። ስለዚህ ቀዳዳ ቢኖረው ናፍጣ አያንጠባጥብም፣ አየር ያስገባል። ሰው ደረቅ ነው ብሎ ያልፈዋል። ፋሼታዎቹን (የቱቦ ማጥበቂያ ቀለበቶቹን) እይ፣ የጎማ ቱቦዎቹን እጠፍ አድርገህ ስንጥቅ ፈልግ። ያ የሚያሳየው ቱቦህ እዚህም ይጠቅምሃል፤ በመሳቢያው መስመር ላይ ለጊዜው ብትቀጥለው አረፋ ከመጣ ታየዋለህ። እዚያው ግን አትተወው፣ እንዲህ ያለው ፕላስቲክ ናፍጣ ውስጥ ሲቆይ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል።

የኢንጀክተር ዳዶ ማላላት ባንተ ዓይነት ሞተር ላይ የቆየ ዘዴ ነው። የመጨረሻ አማራጭ ይሁን እንጂ አይከለከልም። አንድ ዙር የማትሞላ አላላ፣ ጨርቅ ጠቅልልበት፣ እጅህን ወደዚያ አታቅርብ። ሞተሪኖውንም ከ30 ሰከንድ በላይ አትምታው፣ ሁለት ደቂቃ አሳርፈው።

የጋራዥ መካኒክ፦
ይሄን የሚያነብ ኮመን ሬይል ያለው ሰው ካለ፣ እባካችሁ እዚያ ላይ የከፍተኛ ግፊቱን ዳዶ እንዳትነኩ። ያ ናፍጣ ቆዳ በስቶ ይገባል። ቁስሉ የመርፌ ጫፍ ያክላል፣ መጀመሪያ ላይም ላያምም ይችላል፤ ግን ያው ቀን ሐኪም ቤት ካልተደረሰ እጅ ያሳጣል። በእንደዚህ ዓይነቱ መኪና ላይ አብዛኛውን ጊዜ ቁልፉን ሳታስነሱ ከፍታችሁ ስትጠብቁ የኤሌክትሪክ ፓምፑ ራሱ ይሞላዋል፤ ወይም ፊልትሮው ላይ የእጅ ፓምፕ አለ።

የረጅም መንገድ ሾፌር፦
ቱቦ ባይኖር እንኳ እኔ የምጠቀመው ያረጀ የዘይት ጀሪካን ነው። ጎኑን እንደ አሸንዳ ቆርጬ፣ አንዱን ጫፍ ከቡሎኗ ስር እሸጉጠዋለሁ፣ ሌላው ወደ ባልዲ ይወርዳል። ሞተሪኖውንና ዲናሞውን በፌስታል እሸፍናለሁ። ቺንጋና ሞተሩ የተቀመጠባቸው ጎማዎች ላይ የነካውን ቶሎ አጥባለሁ፣ ናፍጣ ጎማ ያሳብጣል። መሬት የወደቀው ላይ ሰጋቱራ ወይም ደረቅ አሸዋ በትኜ እጠርጋለሁ። በውሃ አትግፉት፣ ሌላ ቦታ ነው የምትወስዱት። ሞተሩ የጋለ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ይብረድ፤ ናፍጣ እንደ ቤንዚን ቶሎ ባይቀጣጠልም የጋለ ማርሚታ (የጭስ ማውጫ) ላይ ከወረደ ሌላ ታሪክ ነው።

ወጣት ሾፌር፦
ጠርሙሱ ውስጥ የገባው ናፍጣስ? ይደፋል?

የረጅም መንገድ ሾፌር፦
ከላይኛዋ ቡሎን በንጹህ ቱቦ ወደ ንጹህ ጠርሙስ የወጣውን አሳድሬ አየዋለሁ። ከስሩ ውሃም ዝቃጭም ከሌለው ታንክ ውስጥ እመልሰዋለሁ፣ ያው ተመልሶ በፊልትሮ ያልፋል። ከፊልትሮው ስር የፈሰሰውን ግን አልመልሰውም። ውሃው ያለው እዚያ ነው። ከተቃጠለ ዘይት ጋር አጠራቅመዋለሁ።

ጠያቂ፦
ከብዙ ቀን በኋላ ተመልሼ መጣሁ። ቅዳሜ ቀየርኩት። ቀለበት ያለውን ቡሎን አገኘሁ፣ ጋሼ እንዳሉት በፌስታል ፈታሁት፣ ሞተሪኖውንም ሸፈንኩ። አሮጌው ፊልትሮ ሲወጣ አንድ ጠብታ አልወደቀም፤ ራሴም አላመንኩም። አየሩም ፓምፑን 40 ጊዜ አካባቢ ስጫን አለቀ፣ ድሮ ከ100 በላይ ነበር የምጫነው። ፓምፑ የማይጠነክረው ደግሞ በታንኩ በኩል ያለች አንዲት ፋሼታ ላልታ ነው። ደረቅ ነበረች፣ እንዳሉት።

አንድ ነገር ብቻ አጠፋሁ። ጠርሙሱን ምንም ላይ አላሰርኩትም ነበር። ሁሉን ጨርሼ ቁልፉን ላነሳ ስል በክርኔ መታሁት።

የድሮ መካኒክ፦
ሽቦ፣ ልጄ። አንገቱን በሽቦ።