«እግዚአብሔር» ብለን ስንጸልይ ይጎድላል? ክርክር ስለ ዕብራይስጥ ስሞች

አወያይ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የዛሬውን ጥያቄ ያመጣው ከአዳማ የሚጽፍልን ወንድማችን ነው። በሚሄድበት የቤት ጸሎት አንድ አስተማሪ እንዲህ ብሏቸዋል። «እግዚአብሔር» ማዕረግ ነው እንጂ ስም አይደለም። ስሙ ያህዌ ነው። በስሙ ያልተጠራ ጸሎት አድራሻ እንደሌለው ደብዳቤ ነው። እዚህ ኦርቶዶክስም፣ ወንጌላዊም፣ ካቶሊክም አለን። ለዚህ ጉዳይ ደግሞ አንድ እንግዳ ከእስራኤል ጋብዣለሁ። ተከራከሩ፤ ግን እየተከባበራችሁ።

ከአዳማ፦
እኔ ትምህርቱን ተቀብዬዋለሁ። ዘጸአት 3ን አንብቡ። ሙሴ «ስሙ ማን ነው ቢሉኝ ምን እላቸዋለሁ?» ብሎ ጠየቀ። መልስም አገኘ። ያ ስም፣ ዮድ ሄ ዋው ሄ፣ በዕብራይስጡ ብሉይ ኪዳን 6,800 ጊዜ ያህል ተጽፏል። እኛ በአማርኛ ስናነብ የት አለ? ዘፍጥረት 1 ላይ «እግዚአብሔር ሰማይንና ምድርን ፈጠረ» ይላል፤ ዕብራይስጡ ኤሎሂም ነው። ምዕራፍ 4 ላይ ቃየን «ለእግዚአብሔር» መሥዋዕት አቀረበ ይላል፤ ዕብራይስጡ ያህዌ ነው። ሁለት የተለያዩ ቃላት በአማርኛ አንድ ሆነው ቀሩ። አዲሱ መደበኛ ትርጉም እኮ ይህን አይቶ ነው በቅንፍ ኤሎሂም፣ ያህዌ እያለ የጻፈው።

ሌላም አለ። «እግዚአብሔር» የመጣው ከእግዚእ እና ከብሔር ነው። ብሔር ደግሞ በአክሱም የሚመለክ ጣዖት ነበር። ይህን ካወቅሁ በኋላ በዚያ ስም መጸለይ ከበደኝ። እናቴን እንኳ እያረምኳት ነው። «እግዚኦ» ስትል «እማዬ፣ ያህዌ በይ» እላታለሁ።

የግዕዝ ተማሪ፦
ወንድሜ፣ ስለ ብሔር ያልከው ግማሹ እውነት ነው። ንጉሥ ኢዛና ክርስቲያን ከመሆኑ በፊት ባስጻፋቸው ድንጋዮች ላይ አስታር፣ ብሔር፣ ምድር የሚባሉ አማልክት ይጠራሉ። ከተጠመቀ በኋላ ግን ድንጋዩ «እግዚአ ሰማይ»፣ የሰማይ ጌታ ይላል። ብሔር በግዕዝ አገር፣ ምድር ማለት ነው። ዛሬም «ብሔራዊ» የምንለው ከዚያው ነው። «እግዚአ ብሔር» ያለ ሰው የዓለም ጌታ ማለቱ ነው። ለጣዖቱ መስገዱ አይደለም።

አንተ ባልከው መንገድ ከሄድን ደግሞ ዕብራይስጡም አይተርፍም። ሶርያ ውስጥ ራስ ሻምራ በሚባል ቦታ ከ1929 ጀምሮ (በአውሮፓ አቆጣጠር) የሸክላ ጽሑፎች ወጥተዋል። የጥንቷ ኡጋሪት ከተማ ናት። እዚያ ኤል የከነዓን አማልክት አለቃ ነው። እንግዲህ ኤልን ልንጥል ነው? ኤልሻዳይ፣ አማኑኤል፣ እስራኤል፣ ሁሉም አብረው ይሄዳሉ።

አጠራሩስ ቢሆን? በዕብራይስጥ የሚጻፈው ተነባቢው ፊደል ነበር። አናባቢ ምልክቱ የመጣው ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ነው። ያኔ አይሁድ ስሙን መጥራት ትተው «አዶናይ» እያሉ ያነቡ ነበር፤ ስለዚህ በአራቱ ፊደላት ላይ የአዶናይን አናባቢ አደረጉበት። «ይሖዋ» የሚለው አጠራር ከዚህ ቅልቅል የወጣ ነው። «ያህዌ» ደግሞ ሊቃውንት አጥንተው የደረሱበት ነው። አንዱ ማስረጃቸው የቂሮሱ ጳጳስ ቴዎዶሬጦስ ነው። በ5ኛው መቶ ዘመን ሳምራውያን ስሙን «ያቤ» ብለው እንደሚጠሩት ጽፏል። ጥሩ ግምት ነው፤ እኔም እቀበለዋለሁ። ግን ጸሎት የሚሰማው በትክክለኛ አጠራር ከሆነ ይህን ሁሉ ዘመን ማን ተሰማ?

ከአሽዶድ፦
ስለ ጋበዛችሁኝ አመሰግናለሁ። እኔ ክርስቲያን አይደለሁም። ቤተ እስራኤል ነኝ፤ የተወለድኩት ጎንደር ነው። አያቴ ቄስ ነበሩ። ቄስ ስል የእኛን የሃይማኖት አባት ማለቴ ነው። ኦሪትን የሚያነቡት በግዕዝ ነበር። የሚጸልዩትም በግዕዝ። «እግዚአብሔር» ይላሉ፣ «አዶናይ» ይላሉ። ዕብራይስጥ አያውቁም ነበር። ኢየሩሳሌምን ግን ዕድሜያቸውን በሙሉ ጠበቁ። የእሳቸው ጸሎት አልደረሰም የሚለኝ ሰው ካለ ልቀበለው አልችልም።

እዚህ እስራኤል ውስጥ ማንም አማኝ አይሁዳዊ ያን ስም አይጠራም። በጸሎት «አዶናይ» እንላለን፤ በወሬ መሃል «ሃሼም»፣ ማለትም «ስሙ» እንላለን። በጥንቱ ቤተ መቅደስ ዘመን ሊቀ ካህናቱ በዮም ኪፑር፣ ማለትም በማስተሰረያ ቀን፣ ይጠራው ነበር። ቤተ መቅደሱ በ70 ዓ.ም. (በአውሮፓ) ፈረሰ። ዝም ያልነው ረስተነው አይደለም፤ ከብዶን ነው። አንድ ወጣት ስሙን በድምፅ ማጉያ እየደጋገመ ሲጮህ ስሰማ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ሰውነቴ ይሸማቀቃል።

ካቶሊኳ፦
በእኛም ዘንድ ይህ ተነሥቷል። በብዙ አገር መዝሙሮች ውስጥ «ያህዌ» ይዘመር ነበር። በ2008 (በአውሮፓ) ከቫቲካን በወጣ ደብዳቤ በቅዳሴና በመዝሙር እንዳይጠራ ተወሰነ። አንዱ ምክንያት ሐዋርያት ራሳቸው በግሪክ ሲጽፉ በስሙ ቦታ «ኪርዮስ»፣ ጌታ ብለው መጻፋቸው ነው።

ከአዳማ፦
አጠራሩ በትክክል እንደማይታወቅ እሺ፣ ተቀበልኩ። የአሽዶዱን ወንድሜንም ካስከፋሁ ይቅርታ። ግን ዋናው ነጥቤ አልተመለሰም። ስም እና ማዕረግ ይለያያሉ። የምወደውን ሰው በስሙ ነው የምጠራው። ኢዩኤል «የእግዚአብሔርን ስም የሚጠራ ሁሉ ይድናል» ይላል። ዕብራይስጡ ላይ እዚያ ያለው ያህዌ ነው።

ጋሼ፦
ልጄ፣ ሁለት ነገር ልበልህ።

የጠቀስከውን የኢዩኤልን ቃል ጳውሎስ ሮሜ 10፥13 ላይ ጠቅሶታል። በግሪክ ነው የጻፈው። ያህዌ አላለም። «የጌታን ስም የሚጠራ ሁሉ» ነው ያለው። ጳውሎስ ዕብራይስጥ የማያውቅ ሰው አልነበረም። ከፈሪሳውያን ወገን ነው፤ ገማልያል እግር ሥር የተማረ ነው።

ሁለተኛው ይበልጣል። የምወደውን በስሙ እጠራለሁ አልክ። አባትህን በስሙ ትጠራዋለህ? እኔ 67 ዓመቴ ነው። አባቴን አንድ ቀን በስሙ ጠርቼው አላውቅም። «አባዬ» ነው ያልኩት። ስሙን ሳላውቀው ቀርቼ ነው? አላከብረውም ነበር? በእኛ አገር አባቱን በስሙ የሚጠራ ልጅ ምን እንደሚባል ታውቃለህ። ጌታም ጸሎት አስተምረን ሲሉት «አባታችን ሆይ» በሉ አለ። «ስምህ ይቀደስ» አለ እንጂ «ስምህን ጥሩ» አላለም። በጌቴሴማኒ ራሱ «አባ» ብሎ ጸለየ። ማርቆስ 14፥36።

ልጅ ሳለሁ ጎጃም ውስጥ አያቴ አንገታቸው ላይ ክታብ ነበራቸው። ስሞች ተደርድረውበታል። አዶናይ፣ ኤልሻዳይ፣ ጸባኦት፣ ሌላም ማንም የማያውቀው። «አስማት» የሚባለው ይህ ነው። አስማት ግዕዙ «ስሞች» ማለት ነው። ስሙን በትክክል የያዘ ኃይሉን ይይዛል ከሚል እምነት የመጣ ነው። የአስቄዋ ልጆችም እንደዚሁ በኢየሱስ ስም አጋንንት እናስወጣለን ብለው ቆስለው ሸሹ። ሐዋርያት ሥራ 19 ላይ አለ። የእናንተ አስተማሪ ክርስቲያን መሆኑን አልጠራጠርም። ነገር ግን «በዚህ ስም ካልሆነ አይደርስም» ሲል ያን ክታብ ነው ያስታወሰኝ።

ዲያቆን፦
ጋሼ የተናገሩት ልቤን ነካው። ትንሽ ልጨምር። ቤተ ክርስቲያናችን ዕብራይስጡን አልጣለችም። በቅዳሴ «ቅዱስ ቅዱስ ቅዱስ እግዚአብሔር ጸባኦት» እንላለን። እግዚአብሔር ግዕዝ ነው፤ ጸባኦት ዕብራይስጥ ነው፣ ሠራዊት ማለት ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አብረው ያድራሉ። በስቅለት ዕለት ስንሰግድ «ኪርያላይሶን» እንላለን፤ ግሪክ ነው። «እብኖዲ ናይን» እንላለን፤ ቅብጥ ነው፣ አምላክ ሆይ ማረን ማለት ነው። አሜን፣ ሆሳዕና፣ ሃሌ ሉያ የዕብራውያን ቃላት ናቸው። ሃሌ ሉያ መጨረሻው «ያህ» ነው። ያህን አመስግኑ ማለት ነው። ስለዚህ አዳማ ያለው ወንድሜ የሚፈልገው ስም በአክስቶቻችን አፍ ላይ ሲኖር ነው የኖረው።

መዘምሯ፦
እኔ ሐዋሳ ነው የማገለግለው። «ያህዌ ይሬ»፣ «ያህዌ ንሲ»፣ «ያህዌ ሻሎም» እያልን እንዘምራለን። ስሞቹ ያጽናኑኛል። ግን እስካሁን የእግዚአብሔር ስሞች ዝርዝር አድርጌ ነበር የማያቸው። ትክክል ነው?

የግዕዝ ተማሪ፦
እህቴ፣ ይህን ስለ ጠየቅሽ ደስ አለኝ፤ ለእኔ የጉዳዩ ልብ እዚህ ነው። ዘፍጥረት 22ን አይተሽው እንደሆነ አብርሃም «ያህዌ ይርኤ» ያለው አምላኩን አይደለም። ቦታውን ነው። ተራራውን። ያህዌ ንሲ ሙሴ አማሌቅን ካሸነፉ በኋላ የሠራው መሠዊያ ስም ነው፤ ያህዌ ዓላማዬ፣ ሰንደቄ ማለት ነው። ያህዌ ሻሎምም ጌዴዎን ዖፍራ ላይ የሠራው መሠዊያ ነው። ሕዝቅኤል መጨረሻ ላይ ያለው ያህዌ ሻማ ደግሞ የከተማ ስም ነው። እነዚህ ሰዎች አንድ ነገር ደረሰባቸው። ከዚያ ድንጋይ ከምረው ስም አወጡ። «እዚህ እንዲህ አደረገልኝ» ብለው።

«ይሬ» የምንለውም ይርኤ ነው። «ያዘጋጃል» ብለን እንተረጉመዋለን፤ ቃሉ ግን «ያያል» ነው። ግዕዝ የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይሰማዋል፤ ርእየ፣ አየ። ዕብራይስጡም ግዕዙም አንድ ሥር ናቸው። ይስሐቅ «በጉ ወዴት ነው?» ሲለው አብርሃም የመለሰው በዚሁ ቃል ነው። እግዚአብሔር በጉን ለራሱ ያያል እንደ ማለት። እኛም «የልጁን ነገር እሱ ይየው» ስንል አስቦ ያሟላለት ማለታችን አይደል? ስለዚህ ትርጉሙ አልተሳሳተም። ግን «ያያል» የሚለው ሲጠፋ ብዙ ነገር አብሮ ይጠፋል።

ኤልሻዳይ ግን ራሱ የአምላክ ስም ነው። ሻዳይ በዕብራይስጡ 48 ጊዜ ይገኛል፤ 31ዱ መጽሐፈ ኢዮብ ውስጥ ነው። ያን አስቢ። ሁሉን ቻይ የሚለው ስም በብዛት የሚጠራው ሁሉን ባጣ ሰው መጽሐፍ ነው። የቃሉ ሥር አከራካሪ ነው፤ ከተራራ የሚያያይዙት አሉ፣ ከጡት የሚያያይዙትም አሉ።

ከሪያድ፦
እኔ ክርክር አልችልም። ያለሁት ሰው ቤት ሠራተኛ ሆኜ ነው። ሦስት ዓመት ሆነኝ። ስሞቹን ሁሉ አላውቃቸውም። አንዱን ግን አውቀዋለሁ፣ ኤልሮኢ።

አጋር የሦራ ገረድ ነበረች። እመቤቷ ስታስጨንቃት ሸሸች። እርጉዝ ሆና በረሃ ላይ የውኃ ምንጭ አጠገብ ተቀመጠች። መልአኩ መጣ። የመጀመሪያው ቃሉ «የሦራ ገረድ አጋር ሆይ» ነው። ስሟን ጠራት። ዘፍጥረት 16ን እንደ ገና አንብቡት። አብራምና ሦራ አንድም ቦታ በስሟ አይጠሯትም። «ገረድ» ነው የሚሏት። ከዚያ እሷም ስም አወጣችለት። የሚያየኝ አምላክ አለችው።

የነበርኩበት የመጀመሪያው ቤት ስልኬን ወስደውብኝ ነበር። ስሜንም ለውጠውብኝ ነበር፤ ለአፋቸው የሚቀል ስም ሰጡኝ። ማታ ኩሽና ውስጥ ስተኛ የምጸልየው በአማርኛ ነው። «የምታየኝ ሆይ» እላለሁ። በዕብራይስጥ አላልኩትም። ኤልሮኢ የሚለውን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው፤ ሳውቀው በጣም አለቀስኩ። ለአጋር ከሆነ ለእኔም ነው ብዬ።

አወያይ፦
እህቴ፣ አንቺ የጻፍሽውን ሦስቴ አነበብኩት። ከአዳማ፣ ምን ትላለህ?

ከአዳማ፦
አልቸኩልም ብዬ ነው ዝም ያልኩት።

ዕብራይስጡን ማጥናት አልተውም። አንድ ነገር ላይ አሁንም አቋሜ ያው ነው፤ ትርጉሙን ሳናውቅ የምናጣው አለ። ማቴዎስ 1፥21 «ሕዝቡን ከኃጢአታቸው ያድናቸዋልና ስሙን ኢየሱስ ትለዋለህ» ይላል። ያ «ና» የሚገባው የሹዓ ማለት ያህዌ ያድናል መሆኑን ለሚያውቅ ሰው ነው። ይህን በየቤተ ክርስቲያኑ ማስተማር አለብን። በጓዳዬም ያህዌ እያልኩ እጸልያለሁ፤ በእስራኤል ያለው ወንድሜ እንዳያዝንብኝ ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ።

አድራሻ የሌለው ደብዳቤ የሚለውን ግን መልሻለሁ። ለአስተማሪውም እነግረዋለሁ።

የእናቴን ነገር ያነሣሁት በኩራት ነበር። ጋሼ ስለ አባታቸው ሲናገሩ አንድ ነገር ታወሰኝ። እናቴ ማታ ማታ ሥዕሉ ፊት ቆማ ድምፅ አውጥታ ነበር የምትጸልየው። ሁላችንን በስም በስም እያነሣች። ማረም ከጀመርኩ ወዲህ ድምፅዋ አይሰማም። ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል። እኔ ሳልፍ ደግሞ እሱም ይቆማል። ሁለት ወር ሙሉ ይህን አይቼ ምንም አልመሰለኝም ነበር።

አሁን ሥራ ላይ ነኝ። ማታ ስገባ አጠገቧ እቆማለሁ። «እግዚኦ» ስትል «መሐረነ» እላለሁ።